የ1954ቱ «ጎጂራ» ማጀቢያ ሙዚቃ፦ ሽሽታው ይጽዳ ወይስ ይተው?

የቀረበልኝ ጥያቄ የሚከተለው ነው፦ «የመጀመሪያውን የጃፓን ጎጂራ ፊልም፣ ብዙው ሰው ጎድዚላ የሚለውን ማለቴ ነው፣ ማጀቢያ ሙዚቃ ከሦስት ቦታ አገኘሁ። የሦስቱም ሽፋን ላይ ያው ጭራቅ ነው ያለው። አንደኛው እንደ ዝናብ ሽሽ የሚል፣ መለከቶቹ ከፍ ሲሉም የሚሰነጠቅ ነው። ሁለተኛው ጥርት ያለና ሰፊ ነው፤ ነገር ግን ዘገም ይላል፣ የማውቀው የልጃገረዶች መዝሙርም የለበትም። ሦስተኛው ከአንደኛው ጋር አንድ ይመስላል፤ ግን ድምፁ ቀጠን፣ ፍጥነቱም ጨመር ያለ ነው። ትክክለኛው የትኛው ነው? አንደኛውን በድምፅ ማጽጃ ፕሮግራም ላጽዳው ወይስ ሸክላውን ልግዛ? የጭራቁ መሪ ዜማ ከስሙ የወጣ ነው የሚባለውስ እውነት ነው?»

ከዘረዘሯቸው ምልክቶች ተነሥቼ ስመልስ፣ በ1954 የተቀዳው ያ እንደ ዝናብ የሚሽሸው ነው (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው)። ሁለተኛው ከብዙ ዓመታት በኋላ ሙዚቃው እንደ አዲስ ተጫውቶ የተቀዳ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ከቪዲዮ ሲገለበጥ ፍጥነቱ የተዛባ ቅጂ ነው። ከምርጫው በፊት ግን አንድ ግምት መቃናት አለበት፤ ይኸውም ጥርት ብሎ የሚሰማ ቅጂ ሁሉ ለዋናው የቀረበ ነው የሚለው ነው። በዚህ አልበም ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

ፊልሙ በቶሆ ኩባንያ ተሠርቶ በኖቬምበር 3 ቀን 1954 ለእይታ የበቃ፣ 96 ደቂቃ የሚፈጅ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ኢሺሮ ሆንዳ፣ የልዩ ትዕይንቶቹ ኃላፊ ኤይጂ ጹቡራያ፣ የሙዚቃው ደራሲ ደግሞ አኪራ ኢፉኩቤ ናቸው። ድምፁ ሞኖ፣ ማለትም በአንድ መስመር ብቻ የተቀዳ ነው። ስለዚህ በ1954ቱ ቅጂ ውስጥ ግራና ቀኝ የሚባል ነገር የለም፤ ሽፋኑ ላይ ስቴሪዮ የሚል ጽሑፍ ያለበት አልበም ወይ ዘግይቶ የተቀዳ ነው፣ ወይም አንዱን ድምፅ በዘዴ ለሁለት ከፍለው ያሰፉት ነው። የኋለኛው ዓይነት ከሁሉም የከፋ ነው። ለመለየት አንድ ቀላል መንገድ አለ፤ ሙዚቃውን መጀመሪያ በጆሮ ማዳመጫ፣ ቀጥሎ አንድ ድምፅ ማጉያ ብቻ ባለው ስልክ ያጫውቱት። በስልኩ ላይ ከሙዚቃው መካከል የሆነ ነገር ተቦርቡሮ የወጣ እስኪመስል ድረስ ከሳሳ፣ ሁለቱ የተከፈሉ ድምፆች ተመልሰው ሲገናኙ እርስ በርሳቸው እየተጠፋፉ ነው ማለት ነው። እውነተኛ ሞኖ ግን በስልክም ሆነ በትልቅ ማጉያ ሚዛኑ አይዛነፍም።

አሁን ወደ ሽሽታው ልምጣ፤ ይህ ሙዚቃ እንዴት እንደተቀዳ ያላወቀ ሰው ሽሽታውን በትክክል ሊፈርድበት አይችልም። ኢፉኩቤ ሙዚቃውን ለመጻፍ የተሰጣቸው ጊዜ አንድ ሳምንት እንኳ አልሞላም። በዚያን ጊዜ ያዩት የጭራቁን ሞዴልና የፊልሙን ጽሑፍ ብቻ ነበር። ጹቡራያ ጥቂት የተቀረጸ ፊልም አሳይተዋቸዋል፤ ነገር ግን ልዩ ትዕይንቶቹ ገና ስላልገቡበት ጭራቁ የት እንደሚወጣ፣ ምን እንደሚያፈርስ በአፋቸው ነበር የሚነግሯቸው። ኢፉኩቤ ግራ ቢጋቡም መፍትሔ አላጡም፤ የምስሉን ዝርዝር ከመከተል ይልቅ አንድ እጅግ ግዙፍ ነገር የሚያስታውስ ሙዚቃ ለመጻፍ ወሰኑ፤ ለዚህም ዝቅ ያለ ድምፅ ባላቸው የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያዎችና በወፍራም አውታሮች ላይ ተደገፉ። በአልበሙ ላይ ከላይ ቀጭኑ ድምፅ ጎደለ፣ ከታች ጉምጉምታው በዛ ብለው ከሆነ፣ ያ የቅጂው ጉድለት ሳይሆን የደራሲው ምርጫ ነው።

ቀረጻው ደግሞ ራሱን የቻለ ትዕይንት ነበር። ጭራቁ ቶኪዮን የሚያወድምበት ክፍል ሲቀዳ ሙዚቃውና የፍርስራሹ ድምፅ በአንድ ጊዜ ነበር የሚሠሩት። ኢፉኩቤ ኦርኬስትራውን ሲመሩ፣ የድምፅ ሠራተኛው በሸራው ላይ የሚታየውን ምስል እየተከተለ ቆርቆሮ፣ የኮንክሪት ስብርባሪና እንጨት እያንኳኳና እያንኮታኮተ ይቀዳል። ጭራቁ ሕንፃውን ሲረግጥ ያ ሰው ለአንድ አፍታ ከዘገየ ሁሉም እንደገና ይጀመራል። ድምፆቹ በአራት መስመር ተለይተው ይቀዱ ነበር፤ አንዱ ለዋናው ንግግር፣ አንዱ ለጀርባ ጫጫታ፣ ለታንክና ለአውሮፕላን፣ አንዱ ለሙዚቃው፣ አንዱ ለልዩ ድምፆች። የሙዚቃውና የውድመቱ ድምፅ እንዳይደባለቁ የተደረገው ጥንቃቄ ነው ዛሬ ሙዚቃውን ለብቻው በአልበም እንድንሰማ ያስቻለን። የዛሬ ስቱዲዮ ግን አይደለም፤ ክፍሉ ይሰማል፣ ሰው ይሰማል፣ ማሽኑ ይሰማል።

ያ ድምፅ የሚጻፈው በብርሃን አማካይነት በፊልም ላይ ነበር። የፊልሙ ቅንጣት ራሱ ሽሽ የሚል ድምፅ ያወጣል፤ አቧራና ጭረት ይጨመርበታል፤ በየቅጂው ደግሞ ይባዛል። መለከቶቹ ሲያይሉ የሚሰሙት ስንጥቅታ የተለየ ምክንያት አለው፤ ድምፁ መሣሪያው ሊጽፈው ከሚችለው በላይ ሲሆን የድምፁ ሞገድ ጫፍ ተቆርጦ ይቀራል። የተቆረጠው ጫፍ የትም አልተቀመጠም፤ ስለዚህ ማንም ፕሮግራም አያመጣውም፤ ቢበዛ በግምት ይሞላዋል። አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይበሉ፤ የዚያ ዘመን የሲኒማ ቤት ማጉያዎች ከፍተኛውን ቀጭን ድምፅ አዳክመው ነበር የሚያሰሙት። በ1954 ቶኪዮ ውስጥ ፊልሙን ያየ ሰው እርስዎ ዛሬ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰሙትን ያህል ሽሽታ አልሰማም። ከቅሬታዎ ግማሹ፣ እንዲያውም ከግማሽ በላዩ፣ የጆሮ ማዳመጫው ነው።

ታዲያ ለምን አይጸዳም? ማጽጃ ፕሮግራሙ የሚሠራው ሙዚቃ በሌለበት ቅጽበት ያለውን ጫጫታ ናሙና ወስዶ፣ ያን የሚመስለውን ሁሉ ከሙዚቃው ላይ በመቀነስ ነው። ፕሮግራሙ ሙዚቃ የሚባል ነገር አያውቅም፤ መመሳሰልን ብቻ ነው የሚያውቀው። ጀማሪ ሳለሁ የአንድ ሽማግሌ የበገና ቅጂ ለማጽዳት ተቀብዬ ነበር። ሽሽታውን አጠፋሁ፣ የማይክሮፎኑን እዝዝታ አጠፋሁ፣ ተደስቼ መለስኩላቸው። ጥቂት አዳምጠው «ልጄ፣ በገናው የታለ?» አሉኝ። በአውታሮቹ ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ የሚፈጥረውን ንዝረት፣ በገናን በገና የሚያሰኘውን ያን ነዛሪ ድምፅ፣ ከጫጫታው ጋር አብሬ ጠርጌው ኖሯል። በኢፉኩቤ ሙዚቃ ላይም የሚደርሰው ይኸው ነው። የወፍራም አውታር ፍትጊያ፣ የከበሮው ድምፅ በክፍሉ ውስጥ እየሟሸሸ የሚያልቅበት ጅራት፣ ከመለከቱ በፊት የሚሰማው ትንፋሽ ሁሉ ለፕሮግራሙ ጫጫታ ይመስሉታል። ከተጠረጉ በኋላ ሙዚቃው ውኃ ውስጥ የተነከረ ይመስላል፤ ከጀርባውም ቀድሞ ያልነበረ የብረት ፉጨት ይመጣል።

ስለ ፍትጊያ ካነሣሁ የጭራቁን ጩኸት ሳልጠቅስ አላልፍም፤ አልበሙን ለሚያዳምጥ ሰው ትልቅ ቁልፍ ነውና። የድምፅ ሠራተኞቹ መጀመሪያ የአራዊት ጩኸት ቀድተው ሞክረው ነበር፤ አንዱም አላረካም። ኢፉኩቤ ኮንትራባስ፣ ማለትም ከቫዮሊን ቤተሰብ ትልቁን መሣሪያ፣ ከቶኪዮ የሥነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲ ተውሰው አውታሮቹን አላሉ፤ ከዚያም በቆዳ ጓንት ፈተጓቸው። የተገኘው ድምፅ ተቀድቶ በቀነሰ ፍጥነት ሲጫወት ያ ዓለም የሚያውቀው ጩኸት ሆነ። ማሲንቆ ሲገዘገዝ በቅርብ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ድምፁን የሚወልደው ደጋኑ አውታሩን ያዝ ለቀቅ ማድረጉ ነው። እዚህም ጓንቱ የደጋኑን ሥራ ነው የሠራው፤ ልዩነቱ መጠኑና ፍጥነቱ ላይ ነው። እንግዲህ በዚህ ፊልም ሙዚቃና ጩኸት ከአንድ መሣሪያ፣ ከአንድ ሰው እጅ የወጡ ናቸው። በፊልሙ መክፈቻ ከጽሑፉ ጋር የሚሰሙት የእግር ኮቴና ጩኸት በአንዳንድ ዕትም ላይ ከመሪው ዜማ ጋር ተያይዘው፣ በሌላው ተለይተው ይገኛሉ። ጩኸቱ የሌለበትን «የጎደለ» አይበሉት፤ የሙዚቃውን መስመር ብቻ የያዘ ዕትም ነው።

ኢፉኩቤ ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1914 በሆካይዶ ደሴት በኩሺሮ ተወለዱ፤ በልጅነታቸው የአካባቢው ነባር ነዋሪ ከሆነው ከአይኑ ሕዝብ ጋር ጎረቤት ሆነው ሙዚቃቸውን እየሰሙ አደጉ። በዩኒቨርሲቲ ያጠኑት ሙዚቃ ሳይሆን የደን ሳይንስ ነው። በጦርነቱ ጊዜ የእንጨትን የመለጠጥና የንዝረት ጠባይ ሲመራመሩ በቂ መከላከያ ሳይኖራቸው ለኤክስሬይ ጨረር ተጋልጠው ታመዋል። የእንጨት ንዝረት ተመራማሪ የነበረ ሰው ኮንትራባስን በጓንት ቢፈትግ አይገርምም። ጨረር የጎዳው ሰው ደግሞ በማርች 1 ቀን 1954 በፓስፊክ ውቅያኖስ በምትገኘው በቢኪኒ ደሴት የተደረገው የሃይድሮጂን ቦምብ ሙከራ የአንዲት ጃፓናዊት ዓሣ አጥማጅ ጀልባ 23 ሠራተኞችን ለጨረር ካጋለጠ ከወራት በኋላ ለተሠራ ፊልም ሙዚቃ ሲጽፍ ስለ ምን እንደሚጽፍ ያውቃል።

ስለ መሪው ዜማ የሰሙት ታሪክ ማራኪ ነው፤ ግን ልክ አይደለም። ዜማው በኖታ ስም ዶ–ሲ–ላ፣ ዶ–ሲ–ላ እያለ ይጀምራል፤ በጃፓንኛ አነጋገር «ዶ–ሺ–ራ» ሲባል ከ«ጎ–ጂ–ራ» ጋር ቤት ይመታል፤ ጃፓናውያንም ይህን አንሥተው ይጫወታሉ። ነገር ግን ያው ሐረግ ኢፉኩቤ በ1948 ለቫዮሊንና ለኦርኬስትራ በጻፉት ሥራ ውስጥ አለ፤ ጭራቁ ስም ከማግኘቱ ከስድስት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። የጦር መርከቦቹ ሲወጡ የሚሰማው የሰልፍ ዜማም እንዲሁ በ1943 ለባሕር ኃይሉ ከጻፉት ሙዚቃ የመጣ ነው። ከዚህ የሚበልጠው ስሕተት ደግሞ ዜማው የጭራቁ ነው የሚለው ነው። በ1954 ሲጻፍ የተቃራኒው ወገን፣ ማለትም ጭራቁን የሚዋጋው የመከላከያ ኃይል ዜማ ነበር። በአልበሙ ላይ አውሮፕላኖቹ ጭራቁን ወደ ባሕሩ ሲያሳድዱ የሚመጣውን ክፍል ያዳምጡ፤ የመክፈቻው ዜማ እዚያ ይመለሳል። የጭራቁ የራሱ ሙዚቃ ያ እየተጎተተ የሚሄደው፣ ወፍራምና ከባዱ ነው። ከጊዜ በኋላ ሕዝቡ የመጀመሪያውን ዜማ ለጭራቁ ሰጠው፤ ደራሲውም በመጨረሻ የጎጂራ ዜማ ብለው ጠሩት። በእጅዎ እያጨበጨቡ ለመቁጠር ቢሞክሩ በአራት አይገጥምልዎትም፤ አራትና አምስት ምት እየተፈራረቀ ስለሚሄድ ሁልጊዜ አንድ እርምጃ የቀደመዎት ይመስላል። ዘገም የሚለው ሁለተኛው አልበም ላይ ይህ የመገፋፋት ስሜት የደበዘዘብዎት በዚሁ ምክንያት ይሆናል።

ያ ሁለተኛው አልበም ግን መናቅ የለበትም። ኢፉኩቤ ከፊልም ሙዚቃዎቻቸው መርጠው ለኮንሰርት መድረክ ያዘጋጁት «ሲምፎኒክ ፋንታዚያ» የተሰኘ ሥራ አለ፤ በ1983 በቶኪዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረበ፣ ከዚያም ወዲህ በተለያዩ ኦርኬስትራዎች ተቀድቷል። በውስጡ የጎጂራ ዜማ ከሌሎች የቶሆ ፊልሞች ዜማዎች ጋር ተሰናስሎ ነው የሚገኘው፤ ለዚህ ነው የልጃገረዶቹን የሰላም ጸሎት ያጡት። በ1986ም «ኦስቲናቶ» በሚል ርእስ የፊልም ሙዚቃዎቻቸው እንደ አዲስ የተቀዱበት አልበም ወጥቷል። የእርስዎ ቅጂ ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ ከጀርባው ጽሑፍ ይታወቃል። ሥራዎቹ መልካም ናቸው፤ የፊልሙ ማጀቢያ ሙዚቃ ግን አይደሉም፤ ሽፋኑ ላይ ጭራቁ ስለተሳለ ብቻ አይሆኑምም። በ2016 የወጣው አዲሱ የጃፓን ጎጂራ ፊልም የኢፉኩቤን ዜማዎች ሲወስድ ከአሮጌው ሞኖ ቅጂ መጠቀሙን ለማነጻጸሪያ ያህል ላስታውስ፤ የዘመኑ ስቱዲዮ በእጃቸው የነበረ ሰዎች ናቸው ይህን የመረጡት።

ሦስተኛውን በአጭሩ ልለፈው። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ይሄዳል፤ የድሮው የአውሮፓ ቴሌቪዥን ሥርዓት ግን 25 ያሳያል። ፊልሙ ወደዚያ ቪዲዮ ሲገለበጥ ፍጥነቱ 4 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ 60 ሰከንድ የነበረው ሙዚቃ 57.6 ሰከንድ ይሆናል፤ ድምፁም ወደ ግማሽ ቃና በሚጠጋ መጠን ይቀጥናል። ከአንደኛው አልበም ጋር የአንዱን ክፍል ርዝመት ቢያነጻጽሩ ልዩነቱ በዚህ ልክ መሆኑን ያያሉ። ከሙዚቃው በላይ ንግግር ከተሰማበት ደግሞ ከፊልሙ በቀጥታ የተቀዳ ነው። በ1956 በአሜሪካ በወጣውና ወደ 80 ደቂቃ ባጠረው ዕትም አዲስ ትዕይንቶች ስለገቡበት፣ ከዚያ የተቀዳ ሙዚቃ ተቆራርጦ ይገኛል። ሦስተኛውን ይሰርዙት።

ሸክላው ወደ ዋናው ቅጂ ያቀርበኛል ብለው ከሆነ፣ በከፊል ተሳስተዋል። ዛሬ የሚታተሙ የድሮ ማጀቢያ ሙዚቃዎች ሸክላ በአብዛኛው የሚቆረጠው በዲጂታል ከተዘጋጀ ቅጂ ነው፤ ሸክላ መሆኑ ብቻውን ወደ 1954 አያቀርብዎትም። ሌላም ችግር አለ። በሸክላ ላይ መርፌው ወደ መሐል በቀረበ መጠን በአንድ ዙር የሚያልፈው የመስመር ርዝመት ያጥራል፤ ቀጭንና ስስ ድምፆችም እዚያ ይጎዳሉ። በዚህ ሙዚቃ ደግሞ በጣም ስሱ ነገር፣ ማለትም የልጃገረዶቹ መዝሙርና ከባሕሩ ሥር ያለው መጨረሻ፣ የሚውለው ወደ ማብቂያው ነው። በ2021 ከ1954 እስከ 1975 የወጡትን 15 ፊልሞች ሙዚቃ በ18 ሸክላ ያጠቃለለ ትልቅ ስብስብ በአሜሪካ ታትሟል፤ ሰብሳቢ ከሆኑ ውብ ነገር ነው፣ አንድ ፊልም ብቻ ለሚፈልግ ሰው ግን ወጪው አይመከርም። መሸጫ ጋ ሲደርሱ የሚያነቡት የሽፋኑን ሥዕል ሳይሆን የጀርባውን ጽሑፍ ይሁን። የተቀዳበት ዓመት 1954 የሚል፣ ሞኖ መሆኑን የሚገልጽና የሰላም ጸሎቱን ከክፍሎቹ መካከል የሚዘረዝር ሲዲ ካገኙ እሱን ይግዙ። የታተመበት ዓመት ሌላ፣ የተቀዳበት ሌላ መሆኑን አይዘንጉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፤ አንደኛውን ይያዙ፣ አያጽዱት። ሁለት ማጉያ ካለዎት አንዱን ዘግተው በሌላው ብቻ፣ መጠነኛ ከፍታ ላይ ያዳምጡት፤ ሽሽታው ከበዛብዎት የማጉያውን የቀጭን ድምፅ መቆጣጠሪያ በትንሹ ይቀንሱ። ይህ የዘመኑ ሲኒማ ቤት ያደርገው ከነበረው ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ሲያሻዎት ደግሞ ይመልሱታል፤ በፕሮግራም የጠፋ ድምፅ ግን አይመለስም። ቀጭ የሚሉ ነጠላ ድምፆችን አንድ በአንድ ማንሣት ይቻላል፤ እሱንም ቢሆን ዋናውን ፋይል አስቀምጠው በግልባጩ ላይ ብቻ ይሥሩ። እጅዎ ካላረፈና ማጽጃውን መሞከር ካለብዎ፣ አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ከሙዚቃው ያወጡትን ብቻ ለይተው የሚያሰሙበት ቁልፍ አላቸውና ከማስቀመጥዎ በፊት እሱን ተጭነው ያዳምጡ። ከሽሽታው መካከል የኮንትራባሱ ፍትጊያ ወይም የመዝሙሩ ትንፋሽ ከተሰማዎት ሳያስቀምጡ ይዝጉት።